አዲሱ ሸራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ አልረሳሁም። «ተይው ዳርላ፤ ሰውዬው አርጅቷል፤ ለእግዚአብሔር ስጪው» ይሉኝ ነበር የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች። ለእግዚአብሔር የምሰጠው ሌላ ብዙ ነገር አለኝ። ክሌተስ ራውንትሪን ግን ለራሴ ነበር ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የጠላሁት እሱን አልነበረም። ስምንት ዓመቴ ሳለ በዚህ ዓለም ላይ የምጠላው አንድ ሰው ነበር፤ ባሮን ቮስ። ጥቁር ካባ ደርቦ፣ ባንድ ዓይኑ መነጽር ሰክቶ በገመድ ወደታጠረው የትግል መድረክ፣ ወደ ሪንጉ ይገባና በዚያ በጀርመን ቅላጼው፣ «ተነሡና እጅ ንሡ፣ እናንተ የቴነሲ አሳማ ጠባቂዎች!» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በኮልድዋተር ከተማ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም፤ ሁሉም የራውንትሪን ነፃ ትግል ሊያይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። ባሮኑን የሚገጥመው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባቴ ነው። ቨርነን ፕሩዊት። የገበሬ ቱታውን ለብሶ ብቅ ሲል ጣሪያው እስኪነቃነቅ የሚጮህለት፣ የኔ አባት።

እማዬ አታይም ነበር። ልክ ትግሉ ሲጀመር ቅርጫቷን አንሥታ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ደመና ቢሆንም ትወጣለች። አባዬን የማትወደው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የማታይበት ምክንያት ሌላ ነው። ትግሉ ትርኢት፣ አሸናፊውም አስቀድሞ የተነገረ ቢሆንም አወዳደቁ የእውነት መሆኑን ታውቃለች። እኔ ግን አንዱንም አላውቅም፤ ለኔ ሁሉም የእውነት ነው።

ከኔ ጋር የምታየው ጎረቤታችን ሚስ ጁዌል ናት። እሑድ እሑድ ለመዘምራን ፒያኖ የምትመታ፣ ክፉ ከአፏ የማይወጣ ባልቴት። ቅዳሜ ሌላ ሰው ትሆናለች።

«ከኋላህ ነው ቨርነን! ኧረ ከኋላህ! ኧረ ይህን እርጉም እሳት ይብላው!» ትልና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቴሌቪዥኑን ትመታበታለች።

«ሚስ ጁዌል፣ ቴሌቪዥናችን ይሰበራል።»

«ይሰበር! እሱም አብሮ ይሰበራል!»

አባዬ ስለ ሥራው ቤት ውስጥ አያወራም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «ባሮኑ ሲመታህ ያምሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ያማል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አትገድለውም?»

እንቁላሉን እያላመጠ አሰበ። «ከገደልኩት ቅዳሜ ከማን ጋር ልጋጠም?» አለኝ። እማዬ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ለካስ እየሳቀች ነበር።

ሊያስተኛኝ ሲመጣ አንድ ልማድ ነበረው። አልጋዬ ጫፍ ይቀመጥና እጄን ይዞ አንዴ ጭምቅ ያደርጋል። እኔም መልሼ አንዴ ጭምቅ አደርገዋለሁ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣል። ያ ምልክት የኔና የሱ ብቻ፣ ሌላ ሰው የማያውቀው ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቅዳሜ የሪንጉ ወለል አዲስ ነጭ ሸራ ለብሶ ብቅ አለ። የድሮው በላብና በደም ወይቦ ነበር።

«አየሽ ሚስተር ራውንትሪን? እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! አዲስ አለበሰላቸው» አለች ሚስ ጁዌል። ራውንትሪ የትግሉ ባለቤት ነው። ነጭ ሱፉን ለብሶ ማይክ ይዞ የሚያስተዋውቀውም ራሱ ነው። እኔም ሸራውን ወደድኩት፤ ለፋሲካ የተዘረጋ የጠረጴዛ ልብስ መሰለኝ።

ባሮኑ አባዬን ወገቡን ይዞ ከራሱ በላይ አነሣው። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አባዬ ይወረወራል፣ ወለሉ ድም ይላል፣ አባዬ ተንከባሎ ይነሣል። ያን ቀን ድም አላለም። ቋ! አለ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚለው። ነጩ ሸራ ከመሐሉ ወደ ታች ጎደጎደ። አባዬ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱ ታጥፎ ቀረ።

ባሮኑ ተንበረከከና የአባዬን እጅ ያዘ። ካሜራው ቀረበ። ጣቶቹን ይጨምቃል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ እንደገና ይጨምቃል።

«ጣቱን እየሰበረው ነው!» ሚስ ጁዌል ጮኸች። «የወደቀ ሰው ጣት! አንተ አረመኔ!»

እኔም ያየሁት ያንኑ ነው። ከዚያ ባሮኑ ብድግ አለና የብረት ወንበር አንሥቶ ምንም ያላደረገውን ዳኛ ጀርባውን አቃመሰው። ደወሉ ተደወለ፣ ትግሉ ተቋረጠ፣ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ዞር ስል እማዬ እርጥብ አንሶላ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። የሚስ ጁዌል ጩኸት ነው ያስገባት። አንሶላውን ምንጣፉ ላይ ጥላ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ሮጠች።

በሦስተኛው ቀን፣ አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ራውንትሪ አንድ ትልቅ የአሳማ ጭን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤታችን መጣ። እኔ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ከዚያ ሥር የሚታየኝ ነጭ ጫማውና የእማዬ ባዶ እግር ነው። አፉ ውስጥ የሚንት ከረሜላ ይንቋቋል።

«አርሊን፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አላት።

«እግዚአብሔርን እዚህ አታግባው! ሳንቃው በስብሷል ብለው አልነገሩህም? ኦዴል ራሱ ቢሮህ ድረስ መጥቶ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል።»

«ቀይሬዋለሁ አላልካቸውም?»

ከረሜላውን ሲቆረጥመው ሰማሁ። «ስሚኝ» አላት። «ሪንጉ ተሰበረ ብለን ካወራን ይዘጉናል። ወንዶቹ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ፤ ኦዴልም ጭምር። ባሮን ቮስ ሰበረው ካልን ግን አዳራሹ ሰው አይችልም። ቨርነን ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ትንፍሽ አይልም።»

«ውጣልኝ» አለች እማዬ። «ይህንንም ጭንህን ይዘህ ውጣልኝ!»

ኦዴል የሚሉት ማን እንደሆነ አላወቅሁም። አናጺ መሰለኝ። ስለ ሳንቃ የሚጨቃጨቁትም ስለ ጓሯችን አጥር መሰለኝ። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሮን ቮስ አባቴን ሰብሮታል፣ ይህን ያለው ደግሞ ሚስተር ራውንትሪ ራሱ ነው።

በጓሮ ዞሬ ወጥቼ መኪናው ጋ ጠበቅሁት። ቁጢጥ ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽን እንዲህ ያደረገውን ታውቂዋለሽ?»

«ባሮኑ ነው።»

«ታዲያ ስታድጊ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አንገቱን እሰብረዋለሁ!»

ትክ ብሎ አየኝ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቁጥሩን እንዲያ ነው የሚያየው፤ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ሆስፒታል አባዬ ጋ ሳለች ራውንትሪ ለሚስ ጁዌል መኪና ላከላት። ሚስ ጁዌል ጸጉሬን ጠቅልላ፣ የፋሲካ ቀሚሴን አልብሳ ወሰደችኝ። በቴሌቪዥን ዓለምን የሚያክለው አዳራሽ በእውን የትምህርት ቤታችንን ጂም አያክልም፤ የላብና የፈንዲሻ ሽታ ይሸታል። ራውንትሪ ሣጥን ላይ አቁሞኝ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋ።

«ባሮን ቮስ፣ ስማኝ!» አልኩ። «ዛሬ ትንሽ ነኝ። ግን አድጋለሁ። ሳድግ አንገትህን እሰብረዋለሁ!»

ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ ወንበር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ራውንትሪ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። በቀል ገና በወሬ እንዲያ የሚጣፍጥ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ከምላሴ አልጠፋም።

አባዬ አልጋው ፊት ለፊት ባለው ቴሌቪዥን አይቶኛል። ነርሷ፣ «አባትሽ እኮ ስታወሪ አለቀሰ» አለችኝ። ኮራሁ። እማዬ ግን ኮሪደሩ ላይ በጥፊ አጮለችኝ፣ ወዲያው ደግሞ አንቃ እስክታስቀረኝ አቀፈችኝ። የትኛውም አልገባኝም። በኋላ ሲገባኝ፣ እሷ የተናደደችው ራውንትሪ የኔን አፍ ስለተዋሰ ነው።

ሰኞ ማታ ባሮኑ ሲታገል የከተማው አዳራሽ ለሰው አልበቃ ብሎ እኩሉ ደጅ ቀረ። ቂማቸውን ሊወጡ የመጡ ናቸው። ባሮኑ ጎኑ በጠርሙስ ተተልትሎ ወጣ፤ መኪናውም መቆሚያው ላይ ተቃጠለ። ይህን ስንሰማ ሚስ ጁዌል ኬክ ጋገረች። ሁለታችንም ሳሎን ውስጥ ጨፈርን።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ረጅም ሰውዬ በልብስ ማጠቢያው ደረጃ ሲወጣ አየሁት። የጽዳት ሠራተኛ ካፖርት ለብሷል፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ጎኑን ይዞ ያነክሳል። አባዬ ክፍል ገባ። ተከተልኩት። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ባሮን ቮስ ነው! አባዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ደህናውን እጁን ይጨምቃል።

ሁለተኛ ጣት ሊሰብር! ዘልዬ ክንዱ ላይ ተጣበቅሁና ጥርሴን ተከልኩበት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ።

«ኧረ እናቴ! ኧረ ቨርነን፣ ልጅህ በላችኝ!»

በጀርመን ቅላጼ አይደለም። እንደ ነዳጅ ማደያው ሰውዬ፣ እንደማንኛውም የኛ አገር ሰው ነው የጮኸው። ገረመኝ፤ ጥርሴን ግን አላላላሁም። እሱ ደግሞ አንድ ጣቱን አልቃጣብኝም፤ ክንዱን ዘርግቶ ቆመልኝ። አባዬ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮው ያንቃርራል። እየሞተ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ነርሷ ጩኸት ሰምታ ስትመጣ ሰውዬው ባርኔጣውን ደፍቶ በመጣበት ደረጃ ወረደ።

«አባረርኩልህ!» አልኩት አባዬን።

እጄን ይዞ አንዴ ጭምቅ አደረገኝ። ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልነገረኝም።

ባሮን ቮስ ከቴነሲ ጠፋ። አባዬ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ትግል ያያል፣ እማዬም ልብስ ልታሰጣ መውጣቷን ተወች። የሚያሰጋት ነገር አልቀረማ። ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ቀብሩ ላይ አንድ ሽበታም ረጅም ሰው ከመቃብሩ አጥር ውጪ፣ ዛፍ ሥር ቆሟል። አወቅሁት። ሣሩን በኃይል እየረገጥኩ ወደ እሱ ሄድኩ። አፌ ውስጥ ምራቄን አዘጋጅቻለሁ። ፊቱ ስደርስ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ክንዱን አሳየኝ። የጥርሴ ቅርጽ ጨረቃ ሠርቶ ተቀምጧል።

«ጥርስሽ የአባትሽ ነው» አለኝ። «ኦዴል ስታምፐር እባላለሁ። የኬንታኪ ልጅ ነኝ። ጀርመን የት እንደሆነች በካርታ እንኳ አላውቅም።»

ኦዴል። አናጺው! ምራቄን ዋጥኩት።

አጥሩን በመሐከላችን አድርገን ብዙ አወራን። አባዬና እሱ ከአሥራ ምናምን ዓመታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ።

«ከወረወርሽው በኋላ እጁን ትጨምቂያለሽ» አለኝ። «ደህና ነህ? ማለት ነው። መልሶ ከጨመቀሽ፣ ደህና ነኝ ቀጥል ማለት ነው። ማንም አያይብሽም፤ የሥራችን ቋንቋ ነው። ያን ቀን ጨመቅሁት፤ አልመለሰልኝም። ደግሜ ጨመቅሁት።» እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። «አልመለሰልኝም።»

«ዳኛውን ለምን መታህ?»

«ትግሉ እንዲቆም ነዋ! ተነሥቼ፣ ሰው ተጎድቷል፣ ሐኪም ጥሩ ብዬ ብጮህ ማን ያምነኛል? እኔ ባሮን ቮስ ነኝ። ያለኝ ወንበር ብቻ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አይነገርማ። በኛ ሥራ፣ ትግሉ እውነት እንዲመስል፣ ክፉ ሆኖ የሚጫወተውና ደጉ ባንድ መኪና አይሄዱም፣ ባንድ ጠረጴዛ አይበሉም። ለልጅም አይነገርም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዳ ታወራለች። አባትሽ ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም።»

«ዛሬስ? ዛሬም አጥር ውጪ የቆምከው ለዚያ ነው?»

«ሚስ ጁዌል መቃብሩ ጋ ቆማለች እኮ» አለኝ። «የደጉ ሰው ቀብር ላይ እኔን ብታይ ምን ትላለች?»

ከዚያ ሳንቃውን ነገረኝ። የዚያን ሳምንት ሰኞ መሰንጠቁን አይቶ ለራውንትሪ ነግሮታል። ራውንትሪ ዓርብ፣ «ቀይሬዋለሁ፤ ኑና እዩት» ብሎ አዲሱን ነጭ ሸራ አሳያቸው። ሥሩን ገልጦ ያየ የለም። የበሰበሰ ሳንቃ ላይ ንጹሕ ሸራ አለበሰበት። እኔ የወደድኩት ሸራ!

ያን ቀን ጥላቻዬ ቤት ቀየረ። አልቀነሰም፤ ባሰበት። አባቴን ሰበረው፣ ጓደኛውን አሳደደበት፣ እኔን ደግሞ ሣጥን ላይ አቁሞ የገዛ አባቴን ሕመም በኔ አፍ አሻሻጠው። ከረሜላም ሰጠኝ። ያ ከረሜላ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው መስከረም ስልኬ ጮኸ። ያው ድምፅ፣ አርጅቶ።

«የኔ ልጅ፣ ክሌተስ ራውንትሪ ነኝ። የነፃ ትግላችንን ሃምሳኛ ዓመት ልናከብር ነው። ከተማው በስሜ መንገድ ሊሰይምልኝ ነው። አንቺና ባሮኑ ብትመጡ ብዬ፤ ያኔ የማልሽውን ታስታውሺያለሽ? አንድ ጥፊ ታቀምሺዋለሽ፣ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ ትምሪዋለሽ፣ እኔ መሐላችሁ ገብቼ የሁለታችሁንም እጅ አነሣለሁ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል!»

«በደስታ፣ ሚስተር ራውንትሪ» አልኩት።

ለኦዴል ደወልኩ። «ኦዴል፣ ካባህ አለ?»

«ብል ጨርሶታል። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ምን አስበሻል?»

«ትመጣለህ አትመጣም?»

«ኧረ እመጣለሁ» አለኝ። «ጥርስሽን ብቻ ቤት ተይው።»

አዳራሹ ሞልቷል። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል። ሪንጉ አዲስ ነጭ ሸራ ለብሷል፤ ወጥቼ መጀመሪያ በእግሬ መታ መታ አደረግኩት። ኦዴል ብል የበላው ካባውን ለብሶ፣ በከዘራ እየተደገፈ ወጣ። «ተነሡ፣ አሳማ ጠባቂዎች!» ሲል ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ራውንትሪ በነጭ ሱፉ ጥግ ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ማይኩን ሰጠኝ።

«እዚህ ከተማ ውስጥ፣ አባቴን የሰበረውን ሰው አንገቱን እሰብራለሁ ብዬ ነበር» አልኩ። «አድጌያለሁ።»

አዳራሹ ተናጋ። ኦዴል ጥፊውን ሊቀበል ጉንጩን አዘጋጀ። አልፌው ሄጄ ራውንትሪ ፊት ቆምኩ።

«ሳንቃው በስብሷል ሲሉህ ቀይሬዋለሁ ያልከው አንተ ነህ። በበሰበሰ ሳንቃ ላይ አዲስ ሸራ አለበስክ። አባቴ አምኖህ ወደቀበት። ባላጠፋ ሰው ላይ አላከክህ፣ የስምንት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ውሸትህን አስገባህ። ቀይረኸው ነበር? በል ተናገር!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥሎ እልልታ በሉት ጩኸት፣ ሰዉ በደስታ አበደ። ለካ ክፉው ባለቤቱ ነው! ከዚህ የበለጠ ድንቅ ድርሰት አይተው አያውቁም። «ኡኡ! ሌባ! ውሸታም!» ይሉታል። ራውንትሪ መጀመሪያ ሳቀ፤ «እኔ?» ብሎ ደረቱን አመለከተ። ጩኸቱ ባሰ። ጠጋ ብሎ፣ «በቃ የኔ ልጅ፣ ይበቃል» አለኝ በጆሮዬ። ሚንቱ ሸተተኝ።

«ቀይረኸው ነበር?»

ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ክቡራትና ክቡራን!» አለ። «ይህ የትርኢቱ አካል አይደለም! በእውነት ነው የምላችሁ! ይህ ትርኢት አይደለም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ የባሰ ጮኹበት። የተያዘ ክፉ ሁሉ እንዲህ ይላላ! እንዳያምኑት ሃምሳ ዓመት ያስተማራቸው ራሱ ነው። አንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። ብርጭቆ፣ ፈንዲሻ፣ በረዶ ዘነበበት። ነጭ ሱፉ በኮካ ኮላ ወይቦ፣ በገመዱ ሥር ሾልኮ በሕዝቡ መሐል ሲወጣ ልጆች እንኳ አውራ ጣታቸውን ቁልቁል ያሳዩት ነበር። ሰው ሁሉ እንዲወደው ዕድሜውን ሙሉ የለፋ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ እውነት መሆኑን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ፣ ኦዴልና እሱ።

አላሳዘነኝም። ሊያሳዝንሽ ይገባ ነበር የሚሉኝ አሉ። አላሳዘነኝም፤ ይልቅ ጣፈጠኝ።

ኦዴል አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ ዓይኑን ከሕዝቡ ሳይነቅል፣ ማንም ሳያይ እጄን ይዞ አንዴ ጭምቅ አደረገኝ።

መልሼ ጨመቅሁት።